ከከዋክብት እስከ ልብ ጡንቻ፤ የክርስቲያን ዶፕለር ሕይወትና ለጤናችን የተወልን ቅርስ

በተለምዶ ኤኮ የምንለውን የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ያደረገ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ተቀብቶ፣ ሐኪሙ መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅስ ድንገት ከማሽኑ ውስጥ እንደ ነፋስ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ይወጣል። ብዙዎች ይህ የልባቸው ምት ድምፅ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሐኪም በጆሮው አንጠልጥሎ የሚያዳምጠው ዓይነት የልብ ምት አይደለም። በልብ ውስጥ የሚፈሰው ደም የቱን ያህል እንደሚፈጥን ማሽኑ ወደ ድምፅ ለውጦ የሚነግረን ነው።

በምርመራው ውጤት ወረቀት ላይም ዶፕለር የሚል ቃል ተደጋግሞ ይገኛል። ዶፕለር የማሽን ወይም የመድኃኒት ስም ሳይሆን የሰው ስም ነው። ሰውዬው ሐኪም አልነበረም፤ በሕይወት ዘመኑም የሰው ልብ መርምሮ አያውቅም። ይልቁንም ራሱ በሕመም ሲሰቃይ ኖሮ በ49 ዓመቱ ያረፈ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበር። በዛሬው ዓምዳችን የዚህን ሰው ሕይወት፣ ሐሳቡ እንዴት ወደ ልብ ምርመራ እንደመጣና ለእኛ ምን ምክር እንደሚሰጠን እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድንጋይ ጠራቢው ልጅ

ክርስቲያን ዶፕለር ኅዳር 29 ቀን 1803 በኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ በመጣ የድንጋይ ጠረባ ሥራ ይታወቅ ነበር። ልጁም እንደ አባቱ መዶሻና መሮ ይዞ እንዲሠራ ቢጠበቅም ሰውነቱ ደካማ ስለነበር ለዚያ ከባድ ሥራ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ቤተሰቡም ሌላ መንገድ ይፈልግለት ጀመር። የሒሳብ ችሎታውን ያስተዋለ ሲሞን ሽታምፕፈር የተባለ ምሁር ባቀረበው ምክር በ1822 ወደ ቪየና ሄዶ በፖሊቴክኒክ ተቋሙ ትምህርቱን ጀመረ።

ትምህርቱን ቢያጠናቅቅም ሥራ እንደ ልብ አልተገኘለትም። ለአራት ዓመታት ያህል በቪየና የከፍተኛ ሒሳብ ረዳት መምህር ሆኖ ሠራ። የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ግን ቋሚ ቦታ አጣና ኑሮውን ለመደጎም በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆነ። ለተለያዩ ትምህርት ቤቶች በተደጋጋሚ ቢያመለክትም መልስ ዘገየበት። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ወደ አሜሪካ ለመሰደድ ወሰነ፤ ንብረቱንም ሸጠ። ጉዞውን በሚያዘጋጅበት ጊዜ በ1835 ከፕራግ ከተማ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመምህርነት ቦታ ማግኘቱ ተነገረው። ስደቱ ቀረ። በተከታዩ ዓመት ማቲልደ ሽቱርምን አግብቶ አምስት ልጆች ወለዱ።

ፕራግ፣ 1842

ዶፕለር በ1841 በፕራግ ፖሊቴክኒክ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት 25 ቀን 1842 በቦሄሚያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም የሚያትት ጥናት አቀረበ። ታዳሚው ጥቂት ነበር።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። በባሕር ዳርቻ ቆመን ማዕበሉ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት እግራችንን ሲመታ እናስብ። ወደ ማዕበሉ ብንራመድ ቶሎ ቶሎ ይመታናል፤ ከማዕበሉ ብንሸሽ ግን እየዘገየ ይደርሰናል። ማዕበሉ ራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ እንቅስቃሴ ነው። ለድምፅም እንዲሁ ነው። አምቡላንስ ወደ እኛ እየከነፈ ሲመጣ ሳይረኑ ቀጥኖ ይሰማናል፤ አልፎን ሲሄድ ደግሞ ድምፁ ይወፍራል። ዶፕለር ይህ ልዩነት የሚንቀሳቀሰውን ነገር ፍጥነት እንደሚናገር በሒሳብ ቀመር አስቀመጠ።

ቀመሩ ትክክል ነበር። የከዋክብትን ቀለም የተረዳበት መንገድ ግን ስህተት ነበረበት። የሰማይ ጥንድ ከዋክብት ቀለማቸው የተለያየው በእንቅስቃሴያቸው ምክንያት መስሎት ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን የሙቀታቸው ልዩነት መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ይህም ሆኖ ያስቀመጠው ሕግ ጸንቶ ቆሟል።

በባቡር ላይ የተነፋው ትራምፔት

የዶፕለርን ሐሳብ ከተጠራጠሩት አንዱ ክሪስቶፍ ባይስ ባሎት የተባለ ሆላንዳዊ ሳይንቲስት ነበር። ይህ ሰው ነገሩን በተግባር ለመፈተን ወሰነ። በ1845 በኡትሬክት አቅራቢያ በባቡር ላይ የትራምፔት ነፊዎችን አሳፍሮ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰሙ እንዲያልፉ አደረገ። በሐዲዱ ዳር ደግሞ ጆሯቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞች ቆመው ያዳምጡ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ በየካቲት ወር በመጥፎ አየር ምክንያት ተስተጓጎለ። በሰኔ ሲደገም ግን ባቡሩ ሲቀርብ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሲርቅ እንደሚወፍር ተረጋገጠ። ሊጠራጠር የወጣው ሰው ለዶፕለር ምስክር ሆነለት።

ክርክርና ሕመም

በፕራግ ዶፕለር የሚያስተምረውና የሚፈትነው ተማሪ ብዛት እጅግ ከፍተኛ ነበር። ሥራው ሰውነቱን ጎዳው፤ ከ1844 ጀምሮም በጠና መታመም ጀመረ። በ1847 በዛሬዋ ስሎቫኪያ ወደምትገኘው የማዕድን ከተማ ሼምኒትዝ ሄዶ ማስተማር ቀጠለ። በዓመቱ አውሮፓን ያናወጠው የ1848 አብዮት ደረሰበትና ወደ ቪየና ተመለሰ። በ1850 የቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። ኋላ የዘር ውርስ ሳይንስ አባት የተባለው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል በዚያ ከተማሩት አንዱ ነበር።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢደርስም ዕረፍት አላገኘም። ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለ ታዋቂ የሒሳብ ሊቅ በ1852 በቪየና የሳይንስ አካዳሚ ተነሥቶ የዶፕለርን ሕግ አጣጣለ። እንዲህ ያለ ትልቅ የተፈጥሮ ሕግ በጥቂት መስመር ቀመር ሊገለጽ አይችልም የሚል ነበር ክርክሩ። በዚያን ጊዜ ዶፕለር ሳንባው ተጎድቶ፣ ትንፋሹ እያጠረ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር የአየር ለውጥ ይሻለኛል ብሎ በወቅቱ በኦስትሪያ ሥር ወደነበረችው ቬኒስ ሄደ። በዘመኑ ለሳንባ ሕመም ሐኪሞች ከሚሰጡት ምክር ዋነኛው ይኸው የአየር ለውጥ ነበር። አልተሻለውም። መጋቢት 17 ቀን 1853 አረፈ፤ በዚያችው ከተማ በሳን ሚኬሌ ደሴት ተቀበረ።

ሐሳቡ ወደ ልብ ሲመጣ

ዶፕለር ካረፈ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ በስዊድኗ ሉንድ ከተማ የልብ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ካርል ሄልሙት ኸርትዝ የብረት ስንጥቅ ለመፈተሽ የተሠራ መሣሪያ ተውሰው የሰውን ልብ እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ቀዱ። የልብ አልትራሳውንድ የተወለደው በዚያ ነው። በዚያው አሥር ዓመት በጃፓኗ ኦሳካ ሺጌኦ ሳቶሙራ የዶፕለርን ሕግ ከአልትራሳውንድ ጋር አገናኝቶ የልብን እንቅስቃሴ አጠና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ሺህ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም። የልብ አልትራሳውንድ መሣሪያ ግን በሴኮንድ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ደረት ይልካል። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል ይጓዛል። የደም ሴሎችን ሲመታ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ደሙ ወደ መሣሪያው እየመጣ ከሆነ ቀጥኖ፣ እየሸሸ ከሆነ ወፍሮ ይመለሳል። በላክነውና በተመለሰው መካከል ያለው ልዩነት በሴኮንድ ጥቂት ሺህ ርግብግቦሽ ነው። ይህ ደግሞ ጆሮ የሚሰማው ልክ ነው። በምርመራ ክፍሉ የምንሰማው ሽው የሚለው ድምፅ ይኸው ልዩነት ነው።

በ1970ዎቹ ሊቭ ሃትሌን ጨምሮ የኖርዌይ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ እርምጃ ተራመዱ። የደሙን ፍጥነት በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በአራት በማባዛት በጠበበ የልብ በር ግራና ቀኝ ያለውን የግፊት ልዩነት ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ለምሳሌ ደም በጠበበ በር ውስጥ በሴኮንድ 4 ሜትር የሚወረወር ከሆነ የግፊቱ ልዩነት 64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ቀደም ሲል ይህን ለማወቅ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር እስከ ልብ ማስገባት ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። በማሽኑ መስኮት ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሲታይ ብዙ ታካሚዎች ቀዩን ንጹሕ ደም፣ ሰማያዊውን የተበከለ ደም አድርገው ይረዱታል። እንደዚያ አይደለም። በተለመደው አሠራር ቀይ ወደ መሣሪያው የሚመጣ ደም ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ከመሣሪያው የሚርቅ። ቀለሙ አቅጣጫን እንጂ የደሙን ጥራት አይናገርም።

ከደም ወደ ጡንቻ

ለረጅም ጊዜ ማሽኖች የሚለኩት የደሙን ፍጥነት ብቻ ነበር። ጡንቻው ራሱ ከደሙ እጅግ ቀርፋፋ ነው። ደም በጤናማ ልብ ውስጥ በሴኮንድ አንድ ሜትር አካባቢ ሲፈጥን፣ የልብ ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቢሆንም ከጡንቻ የሚመለሰው ድምፅ ጠንካራ ነው። ፈጣኑንና ደካማውን የደም ምልክት አጣርቶ በማስወገድ፣ ቀርፋፋውንና ጠንካራውን የጡንቻ ምልክት ማስቀረት ሲቻል የጡንቻ ዶፕለር የሚባለው ምርመራ ተገኘ። ይህ ዘዴ በ1990ዎቹ ወደ ሕክምና ገባ። በተለይ ልብ ደም ለመቀበል ስትፈታ ጡንቻዋ የቱን ያህል እንደሚለሰልስ ያሳያል። የደም ግፊት ለዓመታት ያልተቆጣጠረ ሰው ልብ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ትገፋለች፣ ግን በደንብ አትፈታም።

ይህም ዘዴ ጉድለት ነበረው። አንደኛ፣ የዶፕለር ሕግ የሚሠራው እንቅስቃሴው ወደ መሣሪያው ወይም ከመሣሪያው ሲሆን ነው፤ ጡንቻው በጎን ከሄደ ማሽኑ አያየውም። ሁለተኛ፣ የሞተ ጡንቻ በጎረቤቱ ተጎትቶ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ገመድ በሚጎትቱ ሰዎች መካከል አንዱ ገመዱን ይዞ ብቻ ቢከተል ከሩቅ ለሚያየው የሚሠራ ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያዎች መንቀሳቀሱን ብቻ ሳይሆን ጡንቻው በእርግጥ ማጠሩን ወደ መለካት ተሸጋገሩ። ይህ ልኬት ስትሬን ይባላል።

ከ2000ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ ደግሞ የዶፕለርን ሕግ አይጠቀምም። በአልትራሳውንድ ምስል ላይ የልብ ጡንቻ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ነጠብጣቦች ከምስል ወደ ምስል እየተከታተለ በመካከላቸው ያለው ርቀት በእያንዳንዱ ምት የቱን ያህል እንዳጠረ ያሰላል። 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 8 ካጠረ ስትሬኑ 20 በመቶ ነው። ማጠር ስለሆነ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል። የግራው የታችኛ የልብ ክፍል በርዝመቱ የሚያጥርበት ልኬት በጤናማ ሰው 20 በመቶ አካባቢ ነው። ከ16 በመቶ በታች ከሆነ በአብዛኛው እንደቀነሰ ይቆጠራል።

ታዲያ የተለመደው የልብ የመግፋት አቅም ልኬት እያለ ይህ ለምን አስፈለገ? የመግፋት አቅም ማለት ልብ ከሞላባት ደም ውስጥ በአንድ ምት የምታወጣው በመቶኛ ሲሰላ ነው፤ ከ55 በመቶ በላይ ሲሆን ጥሩ ይባላል። ችግሩ ጡንቻው መጎዳት ሲጀምር ይህ ቁጥር ወዲያው አይወርድም። በርዝመት የተዘረጉትና ከልብ ውስጠኛ ገጽ አጠገብ ያሉት የጡንቻ ክሮች ቀድመው ይጎዳሉ፤ ሌሎቹ ክሮች የእነሱን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ የመግፋት አቅሙ ለጊዜው ደህና ይመስላል። ስትሬን ይህን የተደበቀ ድካም ቀድሞ ያሳያል።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለካንሰር ታካሚዎች ነው። እንደ ዶክሶሩቢሲንና ትራስቱዙማብ ያሉ መድኃኒቶች ሕይወት ያድናሉ፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን የልብ ጡንቻን ይጎዳሉ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተለካው ስትሬን በኋላ ከራሱ ከ15 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ ከ20 ወደ 16 ከወረደ፣ ሐኪሞች ልብን የሚጠብቅ መድኃኒት በጊዜ ለመጀመር ያስባሉ።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ምልክቶችን አንናቅ። ዳገት ሲወጡ ከወትሮው በተለየ ትንፋሽ ማጠር፣ ጋደም ሲሉ ማፈን፣ ሌሊት በትንፋሽ እጥረት መንቃት፣ የእግር እብጠት፣ ያልተለመደ ድካምና ራስን መሳት የልብ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች ናቸው። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት ትንፋሽ ያጠራትና እግሯ ያበጠባት እናት ብርድ ነው ተብሎ በቤት መቆየት የለባትም። የልብ ጡንቻ ድካም ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ትመርመር።

በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚጎዱ የልብ ሕመሞች ዋነኛው በሩማቲክ ሕመም ምክንያት የሚመጣው የልብ በር ጉዳት ነው። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ሲያተኩስ ማስመርመርና የታዘዘለትን መድኃኒት መጨረስ፣ ከዚያም በኋላ መገጣጠሚያው ቢያብጥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። በሐኪም ትእዛዝ የፔኒሲሊን መርፌ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወስድ ሰው ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለበትም። የልብ በር መጥበቡንና ማፍሰሱን የሚለየው ያው የዶፕለር ምርመራ ነው።

ለተለመደው የደረት ላይ ኤኮ መጾም አያስፈልግም፤ ጨረርም የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም አይጎዳም። በጉሮሮ በኩል የሚደረገው ግን ሐኪሙ በሚያዘው መሠረት መጾም ይጠይቃል። ወደ ምርመራ ስንሄድ የቀድሞ ውጤታችንንና የምንወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር እንያዝ። የስትሬን ቁጥር ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ክትትል የሚያደርግ ሰው ቢቻል በአንድ ዓይነት ማሽን ቢለካ ይመረጣል። የደም ግፊት ከፍ ባለበት ሰዓት የተለካ ስትሬንም ዝቅ ሊል ስለሚችል በምርመራው ዕለት ግፊታችን አብሮ እንዲመዘገብ እንጠይቅ።

አንድ ቁጥር ብቻ ይዘን ደግሞ አንደንግጥ። የልብ ምት ሲዛባ ወይም ምስሉ ሳይጠራ ሲቀር ልኬቱ ሊሳሳት ይችላል። በሌላ በኩል በዕረፍት ጊዜ የተደረገ ኤኮ ጥሩ ነው ማለት የልብ ደም ሥሮች አልጠበቡም ማለት አይደለም። ደረትን የሚጨመድድና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም የተሰማው ሰው የቀድሞ ውጤቱ መልካም ነበር ብሎ ሳይዘናጋ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይሂድ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቁጥሩ ወረደ ብሎ በራሱ ፈቃድ ሕክምናውን ማቆም የለበትም፤ ውሳኔው የሐኪሞቹና የእሱ የጋራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዶፕለር ትንፋሽ እያጠረው በሰው አገር ባረፈ ጊዜ ሐሳቡ ገና ክርክር ላይ ነበር። ለእሱ ሳንባ ዘመኑ መፍትሔ አልነበረውም። እኛ ያለንበት ዘመን ግን የተለየ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል በነጻ ይመረመራል፤ ከሳምባ ነቀርሳ መዳንም ይቻላል። የተዳከመ የልብ ጡንቻም በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ሊረዳ ይችላል። ከዚህ በኋላ በምርመራ ክፍል ውስጥ ያንን እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ስንሰማ የድንጋይ ጠራቢውን ልጅ እናስታውስ። ትንፋሽ ሲያጥረን ነገ ይሻለኛል ብለን አንቆይ፤ ዛሬ እንመርመር።